ለፈተና ብቻ የተማርነው በሽታ

እዚህ ሐርጌሳ የማገኛቸው የሀገሬ ልጆች ስለ አወጣጣቸው ሲያወሩ ሁሉም ከሌሊት ይጀምራሉ። እናት እንዳትሰማ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጫማን በእጅ ይዞ፣ ደላላው መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀ። የኔ እንደዚያ አይደለም። እኔ ከወልድያ የወጣሁት ረፋድ ላይ፣ ነጭ ጋዋን እንደለበስኩ፣ ተማሪ እየፈተንኩ ነው። እንዲያውም መውጣቴ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ዘወር የምል ነበር የመሰለኝ።

ሐያት እባላለሁ፣ የሀብሩ ልጅ ነኝ። እናቴና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ማሽላና ጤፍ ያርሱ ነበር፤ ጓሯችን ማንጎና ፓፓያ አለው። አባቴ እኛ ልጆች ሳለን ነው የሞተው። እኔ ተምሬ ወልድያ ላይ ለጤና ተማሪዎች የሚሰጠውን የጠቅላላ ማይክሮባዮሎጂ መግቢያ ኮርስ አስተምር ነበር፤ ለነርስ ተማሪውም፣ ለአዋላጁም፣ ለላቦራቶሪውም። ሥራዬን እወደው ነበር፣ ወላሂ። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ሲል የሚያየው የራሱን ሽፋሽፍት ነው። "ቲቸር፣ ጥቁር ጥቁር ነገር አየሁ" ይላል በደስታ። ቀስ ብዬ አንገቱን አስተካክልለትና ዝም ሲል፣ ያን ጊዜ እውነተኛውን እንዳየ አውቃለሁ። የሰው ፊት እንዲህ ሲለወጥ ማየት ከደሞዝ ይበልጥብኝ ነበር።

ኮርሱ መሃል ላይ ስፖር ስለሚሠሩ ባክቴሪያዎች አንድ ምዕራፍ አለ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሁኔታው ሲከፋባቸው ራሳቸውን እንደ ዘር ጠቅልለው ዓመታት ይተኛሉ፤ ውኃ አፍልቶ ማጠብ እንኳ አይገድላቸውም። ከነሱ አንዱ መንጋጋ ቆልፍን ያመጣል። ሌላው ደግሞ ጋዝ ጋንግሪን የሚባለውን፦ አየር የማያገኘው ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይነቃና ሥጋውን እየገደለ፣ ጋዝ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ስደርስ በየዓመቱ የምላት አንዲት ነገር ነበረችኝ። "ይሄንን ለፈተና ያዙት እንጂ አታዩትም። የጦርነት በሽታ ነው።" ተማሪዎቼ ደብተራቸው ጥግ ላይ "ለፈተና" ብለው ይጽፉ ነበር። እኔንም ያስተማረኝ መምህር እንደዚያው ነበር ያለኝ፤ የሱም መምህር ሳይለው አይቀርም።

ያን ቀን የተግባር ፈተና ነበር። ፈተናው ቀላል ነው። መስታወት ላይ የተቀባ ባክቴሪያ ይሰጣቸዋል፣ በተራ በተራ ቀለም ያፈሱበታል፣ ያጥቡታል፣ ከዚያ አይተው ሐምራዊ ነው ወይስ ቀይ ብለው ይጽፋሉ። ክረምት ስለነበር ከቆቦ በኩል የሚመጣውን ድምፅ መጀመሪያ ነጎድጓድ ነው ያልነው። ጦርነቱ እየቀረበ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እየቀረበ ነው ማለትና ደረሰ ማለት በሰው ልብ ውስጥ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። የመርሳው ያሬድ፣ አባቱ መካኒክ የሆነ የነርስ ተማሪ፣ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀና አለ።

"ቲቸር፣ ይሄ ነጎድጓድ አይደለም።"

"ስላይድህን ጨርስ።"

ጨረሰ። አስቡት፣ መልሱንም ጽፎ አስረከበኝ። ከዚያ የግቢው ጥበቃ በሩን ከፍቶ አየንና አፉን ይዞ ቆመ። "ምን ሆናችሁ ነው እናንተ? ከተማው እኮ እየወጣ ነው" አለን። ስላይድ የምናሞቅባቸውን የአልኮል መብራቶች አጠፋን፣ ወንበሮቹን አስገባን፤ ለምን ወንበር እንዳስገባን እስከ ዛሬ አይገባኝም። መንገድ ላይ ስንወጣ ሰዉ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ዶሮ ይዞ፣ ሽማግሌ አዝሎ ወደ ደቡብ ይጎርፋል። ባጃጅ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ከያሬድ ጋር ወደ መርሳ በእግር ጀመርን። ጣቶቹ በፈተናው ቀለም አሁንም ሐምራዊ ነበሩ። አንዲት የማናውቃቸው እናት አይተውት፣ "ልጄ፣ ምን ነካህ? ተመታህ እንዴ?" አሉት። "አይ እማማ፣ ፈተና ላይ ነበርኩ" አላቸው። ቀና ብለው አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጦርነቱም ተከትሎን መጣ። መርሳ ገብተን ሳንረጋጋ ከተማው በሌላ እጅ ወደቀ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ። በዚያ ጊዜ እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁ ደግሞ ብነግራችሁም አታምኑኝም፣ እኔም አላምንም ነበር። እኔ ከተማው ውስጥ አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም ያሬድና ጥቂት የቀሩ ባለሙያዎች ሰው ቤት ለቤት ሲረዱ ጨርቅ ማፍላት፣ ምላጭ ማፍላት የሚችል ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። እኔ ነርስ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ግን ንፁህና ንፁህ የሚመስል ነገር እንደሚለያዩ አውቃለሁ። እማና ሰይድ ገጠር ቤታችን ነበሩ፤ እዚያ ይሻላል ተብሎ።

አንድ ቀን ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ እየሮጠች መጣች። ትናንት ከሰዓት ከባድ መሣሪያ ማሳው ላይ ወድቆ ፍንጣሪ ብረቱ ሰይድን ጭኑ ላይ መታው፣ ደሙ ቆሟል፣ ደህና ነው፣ ግን ነይ ብላለች እማ። ደህና ነው የሚለውን ያዝኩ። ያሬድን ይዤ ወጣሁ። ጭቃው ጫማ እየነጠቀን ሄድን፤ ያሬድ የያዘው አንድ ጥቅል ፋሻና ትንሽ አልኮል ብቻ ነበር።

ሰይድን የማታውቁት ቢያንስ ይሄንን እወቁልኝ፦ ቀልደኛ ነበር። ቀልዱ ገበያ ላይ በሬ ሻጭን ዋጋውን የሚያስረሳ። ስንገባ መደብ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አየኝና "ዶክተሯ መጣች፣ እንግዲህ አልቆልኛል" አለ። እኔ ዶክተር አለመሆኔን ያውቃል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። እማ ቁስሉን በንፁህ ነጠላ ጠቅልላዋለች። ፊቷ ላይ እንቅልፍ የለም። ፈታሁት። ቁስሉ ትልቅ አልነበረም፣ እውነቴን ነው፣ ከሱ የባሰ አይቼ ነበር። ያስደነገጠኝ ሽታው ነው። ጣፋጭ የሚመስል፣ ከዚያ የበሰበሰ ሥጋ የሚሆን። ጭኑ አብጦ ቆዳው እንደ መዳብ ጠቁሯል። ጣቴን ከቁስሉ ራቅ አድርጌ ሳሳርፍ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ደረቅ ገለባ እንደመርገጥ።

ይሄንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ግን አወቅሁት። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቃል ነው። በስም ብቻ የምታውቁት ሰው በድንገት ቤታችሁ መጥቶ ከወንድማችሁ ጎን ቢተኛ እንደማለት ነው።

እጄን ሳላነሳ ቀና ስል ያሬድ እያየኝ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ቲቸር... ያ ለፈተና ያሉን ነው?"

"ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንተም እኮ እርግጠኛ ነህ።"

እማ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያየች፣ "ምንድነው የምትባባሉት? በአማርኛ አውሩ" አለች። በአማርኛ ነበር ያወራነው።

"እማ፣ ቁስሉ ተመርዟል። እግሩ ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል።"

"እያናገረን ያለ ልጅ እግሩ ይቆረጥ?"

"ዛሬ ካልሆነ ነገ ማናገር ያቆማል።"

እንዴት እንዲህ አልኳት? ትምህርቱ ነው የተናገረው፣ እኔ አይደለሁም። እማ የፈታሁትን ነጠላ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ሰይድ ግን ከትራሱ ቀና ብሎ፣ "ጤፍ የሚወቃው በበሬ እግር ነው፣ በኔ አይደለም። ቁረጡት" አለ። ከዚያ ህመሙ መጣበትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የሚቆርጥ ግን ማን አለ? ያሬድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። እኔ ባክቴሪያ ቀለም የማቀባ ሰው ነኝ። ፔኒሲሊን ያስፈልግ ነበር፣ ከዚያ ቀዶ ሐኪም። ያሬድ ወጥቶ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሶ ከአንድ ገበሬ ቤት የከብት መርፌ ይዞ መጣ፤ ፔንስትሬፕ፣ ለላም የሚወጋው። ብልቃጡ ላይ የበሬ ሥዕል ነበረበት። እዚህ ላይ ሰይድ የመጨረሻውን ቀልዱን ቀለደ። "ውጋኝ፣ ግን ነገ ቀንበር እንዳትጭኑብኝ።" ያሬድ ወጋው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው ፔኒሲሊን ነው፤ ግን ሥጋው ከሞተ በኋላ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም። ይሄም ፈተና ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እውነት ወይም ሐሰት።

የቀበሌው ሰው ቃሬዛ ሠርቶ ተሸክሞት ወጣ። ወልድያ ሆስፒታል ሐኪም ቀርቷል የሚል ወሬ ነበር፤ ወሬ ብቻ። እማ ልምጣ አለች፣ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ግንባሩን ስማ፣ ዱዓ አድርጋለት ቀረች። አስፋልቱን ይዘን ወደ ሰሜን ሄድን። ያ ስንት ጊዜ በሚኒባስ እያንቀላፋሁ ያለፍኩበት መንገድ በቃሬዛ ሲኬድ እንዴት ይረዝማል። አንድ ቦታ ላይ መሣሪያ የያዙ ልጆች አስቆሙን። አንደኛው ከያሬድ አይበልጥም።

"ወዴት ናችሁ?"

"ሆስፒታል። ቁስለኛ ነው።"

"ፈቃድ አላችሁ?"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ "ከማን እናምጣ ልጄ? የሚፈርመው ሰው ከኛ በፊት ነው የሸሸው" አሉት።

ልጁ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ጭኑን አየና እጁን አፍንጫው ላይ ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ሂዱ፣ ሂዱ" አለ። እንዲህ ነው ያለፍነው፤ በሽታው የይለፍ ወረቀት ሆኖልን።

ሲሪንቃ ስንደርስ ሰይድ ማውራት አቁሞ ነበር። ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር አሳረፍነው። ትንፋሹ አጭር አጭር ሆነ፣ ላቡ ቀዘቀዘ። መርዙ ደም ውስጥ ሲገባ ልብ እንዴት እንደሚደክም፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚቆም በቅደም ተከተል አውቀው ነበር፤ እያንዳንዱ ሲመጣ እያየሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ይመር ሸሃዳውን በጆሮው አሉለት። ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል ይላሉ። እኔ አላየሁም። አላህ ይርሀመው።

ሬሳውን ይዘን እንመለስ እንዳንል መንገዱ ተዘጋ፤ ከወደ መርሳ ተኩስ ተሰማ። የሲሪንቃ ሰዎች፣ የማያውቁን፣ ስማችንን እንኳ ያልጠየቁን፣ ከፈን አመጡ፣ አጥበው ሰገዱበት። ያሬድ ከቆፋሪዎቹ ጋር ቆፈረ። አንዱ ሽማግሌ "ወንድሙ ነህ?" ሲሉት "አዎ" አላቸው። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ አይተውታል፣ ግን አካፋውን አልተቀበሉትም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጦርነቱ ከኛ አካባቢ ሲነሳ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። ላቦራቶሪው በር አልነበረውም። ማይክሮስኮፖቹ ወይ የሉም ወይ ዓይናቸው ወልቋል። ባክቴሪያ የምናሳድግበት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ግን ማንም ያልፈለጋቸው የተማሪዎቼ ሳህኖች እንደተደረደሩ ነበሩ፤ ምግባቸው ደርቆ፣ ሻጋታ ለብሰው፣ ክዳናቸው ላይ የተማሪዎቹ ስም በማርከር እንደተጻፈ። ስሞቹን አነበብኩ። የሁሉንም ዕጣ አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ትምህርት ሲጀመር በተዋስነው ዕቃ፣ በሰሌዳ ብቻ አስተማርኩ። እና እንደማይቀር ያ ምዕራፍ ደረሰ። የባክቴሪያውን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ፣ ዞርኩ። የለመድኳት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ መጥታ ቆመች። ከኋላ የተቀመጠች የአዋላጅ ተማሪ፣ ከሐራ የመጣች፣ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄ ሽታ አለው አይደል?"

"አለው።"

"እሺ" አለች፣ ጽፋም አልያዘችውም። ሌላው ተማሪ ደግሞ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሌላ። ዙሪያውን አየሁ። መጽሐፉ የሚዘረዝረውን ምልክት በዓይናቸው አይተው ሊነግሩኝ የሚችሉ ልጆች ነበሩ የተቀመጡት። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ለአፍታ ወጣች ብለው ጠብቀውኛል አሉ።

ሐርጌሳ የግል ጤና ኮሌጅ የምታስተምር አብሮ አደጌ "የማይክሮባዮሎጂ መምህር ይፈልጋሉ፣ ነይ" ካለችኝ ቆይታ ነበር። በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ አድርጌ፣ የኛዋ ሳትሆን የሶማሌዋ ውጫሌ፣ ድንበር ደረስኩ። በረሃ አልተሻገርኩም፣ ባሕር አልሰመጥኩም፤ ከሀብሩ ወጥተው በየመን በኩል ያለፉ ልጆች ፊት ስደተኛ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል። ያጋጠመኝ መከራ አንድ ሣጥን ስላይድ የከፈተ የድንበር ሹም ብቻ ነው። አማርኛ ይችላል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ማስተማሪያ ነው። ባክቴሪያ የተቀባበት መስታወት። ራሴ ያዘጋጀሁት ነው።"

እጁን ቶሎ ከሣጥኑ አነሳ። "በሕይወት አሉ?"

"የሉም፣ ሞተዋል።"

"መቼ?"

"ቆይተዋል።"

"ስንት ናቸው?"

"መስታወቱ ነው ወይስ ባክቴሪያው?"

"የሚገባው።"

"እንግዲህ... ሚሊዮኖች ይሆናሉ።"

ወደ ባልደረባው ዞሮ በሶማልኛ ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁ። "ስሚ" አለኝ፣ "ይሄን ሁሉ ሬሳ ይዘሽ በአንድ ፓስፖርት ልትገቢ ነው?"

እኔም ሳቅኩ። ከሲሪንቃ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቅኩ፤ ሳቁም መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። ሹሙ ደነገጠ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን መትቶ ሣጥኑን በሁለት እጁ መለሰልኝ፣ "ሂጂ እህቴ፣ ሂጂ" እያለ።

ሐርጌሳ ነፋስና አቧራ ነች፣ ግን ሰላም ነች። ሰው ሲገናኝ "ማ ነበድ ባ?" ይባባላል፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። መልሱ "ዋ ነበድ"፣ ሰላም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሄንን ስጠየቅ እንደ ሰላምታ አልሰማውም ነበር፤ ቆሜ አስብ ነበር። እንጀራ ነው ብለው ያቀረቡልኝ ላሖህ ይባላል፣ ትንሽ፣ ክብ፣ ጠዋት ሻይ አፍስሰውበት በስኳር ይበሉታል። እንጀራ በስኳር! ፓስታውን ደግሞ ባስቶ ይሉታል፣ በሙዝ ነው የሚበላው፤ ሙዙ ፍራፍሬ ሳይሆን ወጥ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። የማሽላ እንጀራ ልጋግር ብዬ እርሾ ጣልኩ፣ ቦካ፣ ግን የመርሳው ጣዕም አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እርሾ ውስጥ ያሉት ሕይወቶች የየሀገሩ ናቸው፣ የእናቴን ጓዳ ይዤው አልመጣሁም። ማወቅ ግን አፍን አያጣፍጥም። ስለ ማንጎማ ባላወራ ይሻላል።

አከራዬን ኢዶ ኸድራ እንላቸዋለን፤ ኢዶ ማለት አክስት ነው። ቤቱን ሊያሳዩኝ ሲወጡ አማርኛቸው አስደነገጠኝ፤ የገበያ አማርኛ፣ ፈጣን።

"ምንድነው የምታስተምሪው?"

"በዓይን የማይታዩ ነገሮች።"

"ጂን?"

"ጀርም።"

"እህ" አሉ፣ "ጂን ቢሆን አላከራይሽም ነበር። ጀርም ሁሉም ቤት አለ።" ከዚያ የውኃ ታንከሩን እያሳዩኝ፣ የሚሞላው በቦቴ መኪና ስለሆነ እንደ ወልድያ ሰው እንዳላፈስ አስጠነቀቁኝ። ወልድያም ውኃ በፈረቃ ነው ብላቸው አላመኑኝም። አማርኛውን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው።

"እኔ እናንተ አገር ስደተኛ ነበርኩ። ይሄ ከተማ በአውሮፕላን ሲደበደብ በእግሬ ነው የወጣሁት፣ ሐርቲሼክ መጠለያ።"

"ብዙ ቆዩ?"

"ልጆቼ በአማርኛ መሳደብ እስኪችሉ።" ቁልፉን እጄ ላይ አደረጉልኝ። "አሁን ደግሞ ተራሽ ነው። ሶማልኛውን ተማሪ።"

ኮሌጁ ውስጥ ልጆቹ "ማዓሊመድ" ይሉኛል፣ መምህርት ማለት ነው። ጨዋ ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው። ያንን ምዕራፍ በየወሰነ ትምህርቱ እሰጣቸዋለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አልናገራትም። ምልክቶቹን ቀስ ብዬ እዘረዝራለሁ፣ ሽታውን ጭምር፣ የሚንኮሻኮሸውን ጭምር፤ መጽሐፉ ከሚለው በላይ ረዘም አድርጌ። አንዱ ልጅ ባለፈው "ማዓሊመድ፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?" አለኝ። "ይመጣል" አልኩት፣ እና ድምፄ ስለተለወጠ ልጁ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ምንም አላጠፋም።

ያሬድ ተመርቋል፤ መርሳ አካባቢ ነው የሚሠራው። አንዳንዴ ቁስል ፎቶ ልኮ ይጠይቀኛል፣ እኔም የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። እማን እየሄደ ያያታል። ስልክ ያስተማራት እሱ ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውልልኛለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ወፍ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንደሞተ ትነግረኛለች። ሰይድ የሚለውን ስም ግን ሁለታችንም አንጠራም።

ባለፈው አርብ ሰላምታው አጭር ነበር።

"ደህና ነሽ ልጄ? አልሃምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን።" ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል።

"እማ?"

"ያሬድ ዛሬ ሴቶቹን ሰብስቦ አስተማረን። ልጅ ሲወለድ እትብቱን በምን እንደምንቆርጥ፣ ቁስል እንዴት እንደምናጥብ። ደህና አድርጎ ነው የሚያስተምር፣ አላህ ያሳድገው።"

"ደስ ይላል።"

"ቁስል ላይ አፈር አታድርጉ አለ። የበረት አፈር ከሁሉም ይከፋል አለ።"

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም።

"ሐያት። ያን ቀን ደሙ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሰው የለም። እናቴ ደም ሲበዛ የምታደርገው ነበር፤ ከበረቱ አፈር ዘግኜ ያዝኩበት። ቆመ። ደሙ ቆመ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ አጠብኩት፣ ትቆጪኛለሽ ብዬ። በንፁህ ነጠላ ያሰርኩት ከዚያ በኋላ ነው።"

መስኮቱ ላይ የሐርጌሳ አቧራ ይመታል። በጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉም ነገር በቅደም ተከተል መጣ፤ ስፖሩ፣ አፈሩ፣ ጥልቅ ቁስሉ፣ አየር የማይገባበት። እንደ ጥሩ የፈተና መልስ። ከሱ ጋር ደግሞ እውነት የሆነ ሌላ ነገር መጣ፤ ደሙ ባይቆም ኖሮ ያኔውኑ ማሳው ላይ ይሞት ነበር፤ ብረቱም የወደቀው እርሻ ላይ ነው፣ አፈር ይዞ ሳይገባ አይቀርም። የትኛው እንደገደለው የሚነግረኝ ማይክሮስኮፕ የለም። ኖሮም አያውቅም።

"እኔ ነኝ ልጄ?" አለች።

"አይደለሽም እማ። ብረቱ ራሱ ነው አፈር ይዞ የገባው። ማሳው ላይ ነው የወደቀው። አንቺ ደሙን አቆምሽለት እንጂ፣ እኔ እስክደርስ እንኳ አይቆይም ነበር። አንቺ አይደለሽም።"

"እሺ" አለች። ፍየሉ እንደገና ጮኸ። የሆነች ልጅ ስትገሥጸው ይሰማኛል።

"ታዲያ ለምንድነው እንዲህ ቀስ ብለሽ የምትናገሪው?"

የሀገር ቤት ስልክ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰላም ተባብላችሁ ሳትጨርሱ ይቋረጣል። እንዲቋረጥ ጠበቅሁ። መስመሩ ጥርት ብሎ እንደተከፈተ ነበር፤ ትንፋሿ እስኪሰማኝ።